ከሸዋ ሮቢት እስከ ቦሌ፤ የአብራሪነቱን ዋጋ ማን ይክፈል?

በአገራችን የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ መሆን የሚፈልግ ወጣት የሚያንኳኳው በር፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንድ ነው፡፡ ጠበቃ ለመሆን ከደርዘን በላይ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ለመሆንም እንደዚያው፡፡ በአብራሪነት ግን የሚያሠለጥነውም፣ የሚቀጥረውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሥልጠናውን ወጪ የሚችለውም አንድ ድርጅት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ፡፡ ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? የነፃ ገበያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ‹‹ሞኖፖል ስለሆነ መጥፎ ነው›› ለማለት ሊቸኩል ይችላል፡፡ እኔ ግን ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሸዋ ሮቢት ሆኜ ሳየው መልሱ እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም፡፡

ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ሸዋ ሮቢት ማለት ማረሚያ ቤቱ ነው፡፡ የሕግ ሰው በመሆኔ እኔም ከተማዋን መጀመሪያ ያወቅኋት በዚያው በኩል ነው፡፡ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮዎ ይደፈናል፤ ካፖርትዎን ያወልቃሉ፤ 1 ሺህ 280 ሜትር ገደማ ላይ የይፋት ቆላ ይቀበልዎታል፡፡ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ፣ በአንድ ወቅትም ስሙ የገነነው የትምባሆ እርሻ፡፡ የይፋት ሱልጣኔት የነበረበት፣ አማራውና አርጎባው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ነው፡፡ ለይፋት ልጅ አውሮፕላን ማለት ከቦሌ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፍ ሽቅብ የሚታይ ነገር ነው፡፡

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ከዚያው አካባቢ የሆኑ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ያመጡልኝ የውል ረቂቅ ነው፡፡ ልጃቸው የአየር መንገዱን የሠልጣኝ አብራሪነት ፈተና ተፈትኖ አልተጠራም፡፡ አሁን በግል ከፍሎ ሊማር ፈልጓል፡፡ እሳቸው ደግሞ የሚተዳደሩበትን አይሱዙ ለመሸጥ ደላላ አነጋግረዋል፡፡ ‹‹አንተ ሕግ አዋቂ ነህ፤ እይልኝና ልሽጠው›› ነበር ያሉኝ፡፡ ለምን መኪናውን? ሌላ ምን አላቸውና! በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፡፡ የይፋት ገበሬም ሆነ ነጋዴ በችግር ቀን ሊሸጥ የሚችለው በሬውን፣ ወፍጮውን፣ መኪናውን ወይም የከተማ ቤቱን ነው፡፡

ረቂቁን አነበብኩት፡፡ የሚማርበት ሰዓት ተቆጥሯል፤ ክፍያው በየምዕራፉ ተቀምጧል፤ የውጭ ምንዛሪ ከጨመረ ዋጋው እንደሚጨምርም ተጽፏል፡፡ ስለ ሥራ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤቱ ሥራ የማስቀጠር ግዴታ እንደሌለበት የሚገልጽ፡፡ ይህ በሕግ ዓይን ነውር የለውም፡፡ ዩኒቨርሲቲም ሥራ እሰጣለሁ ብሎ አይፈርምም፡፡ ነገር ግን አባት አይሱዙውን የሚሸጠው ሰዓት ለመግዛት ሳይሆን ልጁን ኮክፒት ውስጥ ለማስቀመጥ ነው፡፡

እስቲ በገንዘብ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ እንይ፡፡ የመጀመሪያው ደረጃ የግል አብራሪ ፈቃድ ሲሆን ዓለም አቀፉ መመዘኛ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፡፡ በዚህ ፈቃድ ማንም ደመወዝ አይከፍልም፡፡ ደመወዝ የሚያስገኘው የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 ሰዓት ይፈልጋል፤ ትምህርቱ በተፈቀደለት ማሠልጠኛ በተከታታይ ከተሰጠ 150 ሰዓት ይበቃል፡፡ በዚያ ላይ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ማብረር፣ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ማብረር፣ በኋላም የሚያበሩትን የአውሮፕላን ዓይነት ለብቻው መማርና መፈተን አለ፡፡ የአየር መንገድ ካፒቴን የሚሆኑበት የመጨረሻው ፈቃድ 1 ሺህ 500 ሰዓት ነው፡፡ በሌላ አነጋገር፣ አባት ንብረታቸውን ሸጠው ልጁን የሚያደርሱት 200 ሰዓት ላይ ነው፤ የቀረውን 1 ሺህ 300 ሰዓት ማንም በራሱ ገንዘብ አይገዛውም፡፡ የሚገኘው ሥራ በመያዝ ብቻ ነው፡፡

ዋጋውም የሚቆም ዋጋ አይደለም፡፡ የመለማመጃዋ አውሮፕላን መለዋወጫ በዶላር ይገዛል፤ የብዙዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚንም ጄቶቹ ከሚጠቀሙት ነዳጅ የተለየ ስለሆነ ለብቻው ከውጭ ይመጣል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፡፡ ሽንኩርት የሚሸጠው በብር ነው፡፡

ተመርቆስ? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መሠረቱም ሕግ ነው፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ከ50 መቀመጫ በላይ ባላቸው አውሮፕላኖች መንገደኛ ማጓጓዝን ለመንግሥት ብቻ ከልሎት ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ጣሪያው 20 መቀመጫ ነበር፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅና ደንቡ ነገሩን አላልተውታል፤ ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ በረራ ዛሬም የሚፈቀደው ከመንግሥት ጋር በሽርክና ነው፡፡ የዚህ ረጅም ታሪክ ውጤት ግልጽ ነው፡፡ በግል የሚሠሩት የበረራ ድርጅቶች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው፤ አውሮፕላኖቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጥቂት አውሮፕላን ያለው ድርጅት ደግሞ ገና ትናንት የተመረቀ ሳይሆን ልምድ ያለው አብራሪ ይፈልጋል፡፡ ልምድ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ፡፡ የሕግ ምሩቃን ይህን አዙሪት እናውቀዋለን፤ ልዩነቱ እኛ ስንንከራተት መኪና አልተሸጠብንም፡፡ ፈቃድ ደግሞ እንደ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖር አይደለም፡፡ ካልበረሩበት፣ ምርመራና ፈተናውን በየጊዜው ካላደሱት አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ለማደስም እንደገና ገንዘብ ያስፈልጋል፡፡

‹‹በሰለጠነው ዓለም ግን እንዲህ አይደለም›› የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፡፡ አሜሪካ ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ የንግድ አብራሪ ፈቃድ እስከማግኘት ያለው ሥልጠና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ አብዛኛው ሠልጣኝ የሚከፍለው ተበድሮ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ እስከ 1 ሺህ 500 ሰዓት ድረስ ሌሎችን በማስተማር ይቆያል፡፡ ይህ ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 2009 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ቡፋሎ አጠገብ በደረሰው የኮልገን ኤር አደጋ ምክንያት ነው፡፡ 50 ሰዎች ሞቱ፡፡ በምርመራው ሲሰማ ረዳት አብራሪዋ በዓመት 16 ሺህ ዶላር ገደማ ደመወዝ የምታገኝ፣ ከሌላው የአገሪቱ ጫፍ ሌሊቱን ተጉዛ ሥራ የገባች ወጣት ነበረች፡፡ የሚያስገርመው ነገር፣ ሁለቱም አብራሪዎች ከ1 ሺህ 500 ሰዓት በላይ በረው ነበር፡፡ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2010 ያወጣውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዝቅተኛ የሰዓት መመዘኛ አደጋውን ባላስቀረው ነበር ማለት ነው፡፡ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ተመራቂው የመጀመሪያ ሥራውን ለማግኘት ለአየር መንገዱ ራሱ የሚከፍልበት ጊዜ እንደነበረ ይታወቃል፡፡ ሀብታም አገር ውስጥም ቢሆን የድሃ ልጅ ኮክፒት የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነው፡፡

ወደ ራሳችን በር ስንመለስ፣ አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋምና በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አብራሪዎቹ ቲደብሊውኤ የላካቸው አሜሪካውያን ነበሩ፡፡ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ኃላፊነቱን የተረከቡት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የአብራሪዎች ማሠልጠኛው በ1964 ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ በ1971 ተሾሙ፡፡ የዘመን ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፡፡ አገሪቱ የውጭውን ሰው በራሷ ሰው ለመተካት ስትፈልግ፣ የሚከፍል ቤተሰብ ያለውን ልጅ አልጠበቀችም፤ ራሷ ከፍላ አስተማረች፡፡ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በራሳቸው ወጪ የሚማሩትን፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትንም ይቀበላል፡፡ ዋናው መስመር ግን ያው ነው፤ ፈተናውን ያለፈ ይማራል፣ ከዚያም በአገልግሎት ይከፍላል፡፡ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉ ያደገችውም በዚሁ አየር መንገድ ውስጥ፣ ከረዳት አብራሪነት ተነስታ ነው፡፡

እዚህ ላይ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰውን ሳላነሳ ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል፡፡ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ጊምቢቹ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ፡፡ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ፣ ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ 361 ሰዓት በረው ነበር፡፡ ያቺ 361 የምትባል ቁጥር በምዕራቡ መገናኛ ብዙኃን ስንት ጊዜ እንደተደጋገመች የሚያስታውስ ያስታውሳል፡፡ ‹‹አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ›› የሚል ንግግር ከአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር ተሰምቷል፡፡ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የእኛ የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን አያያዝ በበቂ አልመረመረም ማለታቸውንም ለሚዛናዊነት ስል እጠቅሳለሁ፡፡ ይሁንና ቦይንግ ስለ ኤምካስ ሥርዓቱ የአሜሪካን አቪዬሽን ባለሥልጣን ማሳሳቱን አምኖ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቷል፡፡

የሰዓቱ ጉዳይ ከርዕሴ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሠልጣኙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁለት አብራሪ ኮክፒት የሚያዘጋጅ የፈቃድ ዓይነት አውጥቷል፤ የሚጠይቀው 240 ሰዓት ሲሆን ብዙው ክፍል በሲሙሌተር የሚሠራ ነው፡፡ ጥቂት ሰዓት ያለው ረዳት አብራሪ የድህነት ምልክት ሳይሆን የሥልጠና ዘዴ ውጤት ነው ማለት ነው፡፡ ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን አሠልጣኙና ቀጣሪው አንድ ሲሆኑ፣ ወይም ቢያንስ ከመጀመሪያው ሲዋዋሉ ብቻ ነው፡፡ በራሱ ከፍሎ 200 ሰዓት የሞላ ልጅ ይህ መሰላል የለውም፡፡ ለዚህ ነው አንዱን በር መርገም የማይቀናኝ፤ ያ በር ባይኖር የይፋት ልጅ አውሮፕላን የሚያውቀው አንገቱን አቅንቶ ብቻ ነበር፡፡

ታዲያ በሩ እንከን የለበትም? አለበት፡፡ በመጀመሪያ ስለ ውሉ፡፡ ሠልጣኙ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ይፈርማል፤ ቀድሞ ከለቀቀ ይከፍላል፡፡ ‹‹ይህማ ባርነት ነው›› የሚሉ ወጣቶች ገጥመውኛል፡፡ አይደለም፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 በግዴታ ማሠራትን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 41 ሙያ የመምረጥን መብት ይሰጣል፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅዳል፡፡ ውሉ የሚያስረው ሰውየውን ሳይሆን ኪሱን ነው፡፡ አየር መንገዱም በሕዝብ ገንዘብ ያስተማረውን አብራሪ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በነጋታው እንዲወስዱበት መፍቀድ የለበትም፤ ብዙ ካፒቴኖቻችን ወደዚያው መሄዳቸው የአደባባይ ምሥጢር ነው፡፡

ጥያቄው የሚከፈለው መጠን ላይ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1889 ተዋዋዮች ኪሳራውን አስቀድመው ቆርጠው እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል፡፡ የተቆረጠው ገንዘብ ጉዳት መድረሱ ባይረጋገጥም ይከፈላል፡፡ ዳኛ ሊቀንሰው የሚችልበት ዋናው ቀዳዳ ቁጥር 1893 ነው፤ ውሉ በከፊል የተፈጸመ እንደሆነ፡፡ እንበልና ስምንት ዓመት ሊያገለግል የፈረመ ሰው ስድስቱን አገልግሎ ቢለቅ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከለቀቀው ሰው እኩል መጠየቅ የለበትም፡፡ ይህ በፍርድ ቤት ክርክር የሚገኝ ነገር መሆን አልነበረበትም፤ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ ሠንጠረዥ ከውሉ ጋር ቢያያዝ ነገሩ ያልቃል፡፡ ለፈራሚዎች የምመክረውም ይህንኑ ነው፡፡ ከመፈረማችሁ በፊት ‹‹ግማሹን ካገለገልኩ ስንት እከፍላለሁ?›› ብላችሁ ጠይቁ፡፡

ከዚህ የከፋው የዋስ ጉዳይ ነው፡፡ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ልማድ ዋስ ሲባል ደመወዝተኛ ማለት ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ‹‹በአንድነትና በነጠላ›› ብሎ የሚፈርም፡፡ ይህች ሐረግ ምን ማለት እንደሆነች ስንቱ አጎት አውቆ ፈርሟል? አበዳሪው በመጀመሪያ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱ ላይ መምጣት ይችላል ማለት ናት፡፡ ሕጉ በቁጥር 1922 ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና ፈራሽ ነው ማለቱን ሁሉም ዋስ ሊያውቀው ይገባል፡፡ ግን ከዚያም በፊት፣ አባቱ ሽንኩርት የሚነግድ፣ አጎቱ ማሽላ የሚያመርት ልጅ ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚችል ደመወዝተኛ ከየት ያመጣል? የአዲስ አበባ ልጅ የባንክ ሠራተኛ አክስት አለችው፡፡ ፈተና ያላስቀረውን ልጅ የዋስ ደብዳቤ እንዳያስቀረው መላ መፈለግ አስቸጋሪ አይደለም፡፡ በአገልግሎት ዘመኑ ከደመወዙ የሚቀነስ መጠባበቂያ ወይም ኢንሹራንስ ይህን ሊተካ ይችላል፤ የዋስትና ኢንሹራንስ የሚሸጡ ኩባንያዎች ሞልተውናል፡፡

ለነጋዴው የነገርኳቸውን በአጭሩ ልግለጽ፡፡ አይሱዙውን አይሽጡ፡፡ በመጀመሪያ ልጁ የአብራሪነት የጤና ምርመራውን፣ ልብና ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ ቀይና አረንጓዴ መለየቱን ጨምሮ፣ በራሱ ገንዘብ ያድርግ፤ ይህ ከአንድ ሰዓት በረራ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም፡፡ ጤናው ካለፈ በሒሳብ፣ በፊዚክስና በእንግሊዝኛ ላይ ዓመት ሙሉ ይሥራና የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ይጠብቅ፡፡ እንግሊዝኛው ለጌጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ በሬዲዮ የሚናገር አብራሪ ተፈትኖ ቢያንስ አራተኛ ደረጃ ማግኘት አለበት፡፡ እሳቸውም ‹‹እሺ፣ ሁለተኛው ፈተና ቢወድቅስ?›› አሉኝ፡፡ ‹‹ያኔም አይሱዙው አለ›› አልኳቸው፡፡ አልሳቁም፡፡

ይህ ምክር ግን የሚያዋጣው ልጁ የተማረበት ትምህርት ቤት ክፍት ከሆነ ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ ሸዋ ሮቢትም አልተረፈችም፡፡ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እዚያው ደረሰ፤ ከተማዋ ተይዛ ተለቀቀች፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የደሴን መንገድ በተደጋጋሚ ዘግቶታል፤ ተሳፋሪ ታግቷል፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ዓመት አልፏል፡፡ በአገር አቀፍ ደረጃ እንኳ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3 ነጥብ 3፣ በ2015 ዓ.ም. 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም. 8 ነጥብ 4 በመቶ ብቻ ናቸው፡፡ ከ140 በላይ አውሮፕላኖች ያሉትና ገና የሚያዝ አየር መንገድ ነገ አብራሪ የሚመለምለው ከዚህ ጠባብ ወንፊት ካለፉት ነው፡፡

የሠልጣኝ አብራሪ ማስታወቂያ የዕድሜ ጣሪያ አለው፡፡ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ድርጅቱ ያስተማረውን ሰው ብዙ ዓመት ሊያሠራው ይፈልጋል፡፡ ነገር ግን በጦርነት ምክንያት ሁለት ሦስት ዓመት ከትምህርት ገበታ የቀረ የይፋት፣ የራያ ወይም የትግራይ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመጣ ጣሪያው ራሱን ይመታዋል፡፡ የተዘጋውን ዓመት ከትምህርት ቤቱ በሚጻፍ ማስረጃ አስቆጥሮ ከዕድሜው ላይ መቀነስ አዋጅ አይጠይቅም፤ የአንድ ሰው ሀብት አውጥቶ መሸጥም አይጠይቅም፤ የሰው ኃይል ክፍሉ የሚያወጣው አንድ መመሪያ ይበቃል፡፡ የጽሑፍ ፈተናውም በእያንዳንዱ ዙር ደብረ ብርሃንና ኮምቦልቻ ላይ ጣቢያ ይኑረው፤ መንገድ በተዘጋበት ቀን ያልደረሰ ተፈታኝም ‹‹ቀርቷል›› ተብሎ እንዳይሰረዝ ሁለተኛ ቀን ይቆረጥለት፡፡